ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነበር

ጋሽ ካሳ ሰርግ ሲያነሳ ሙሽሮቹ ሰው መሆናቸው ይጠፋዋል። «አገጭ ቀና! ትከሻ ዝቅ! ሙሽራው፣ እጅህን ወገቧ ላይ፤ እንደሱ አይደለም፣ እንደ ባል!» እያለ አርባ ምንጭ ውስጥ ያገባውን ሁሉ አንድ ፊት አስይዞ አነሳው። ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ባለው ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሙሽሮች ያየ ሰው ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስሉታል። ከኋላቸው ደግሞ በኮምፒውተር የተለጠፈ ፏፏቴ አለ፤ አለዚያም ነጭ ቪላ፣ አለዚያም የዱባይ ፎቅ። ሁለት ሐይቅ ቁልቁል በሚታይበት ከተማ ተጋብቶ ዱባይ ምን ይሠራል? ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ።

«ሐይቁንማ ሁሌ ያዩታል» አለኝ። «ሁሌ የሚያዩትን ነገር ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ?»

ከእሱ ጋር ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጉርድ ፎቶ በመቀስ ከመቁረጥ ጀምሬ የሰርግ አልበም እስከ ማዘጋጀት ደረስኩ። ካሜራ ያስተማረኝ ግን እሱ አይደለም፤ ማንም አይደለም። አባያ ላይ ዓሣ ሊያጠና መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ካሜራውን ከነመመሪያ መጽሐፉ ሸጠልኝ፤ መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ጨረስኩት። አስረኛ ክፍል ላይ ውጤት ያልመጣላት ልጅ ባጃጅ ውስጥ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገልጣ ስትቀመጥ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ይበል።

የራሴን አሠራር ያገኘሁት ከጋሽ ካሳ ቆሻሻ ውስጥ ነው። በአንዱ ፖዝና በሌላው መሃል ጣቱ ሳያስበው የሚነካቸው ፎቶዎች አሉ፦ ሙሽራው ከረባቱ አንቆት አንገቱን ሲያወጣ፣ የሙሽሪት አክስት እንባዋን በመዳፏ ስትጠርግ፣ ሁለት ሚዜዎች ስለ ኳስ ሲጨቃጨቁ። እሱ «ተበላሸ» ብሎ ያጠፋቸዋል። እኔ ሳያጠፋቸው በፊት እገለብጣቸው ነበር። አንድ ቀን ሁለት መቶ ያህሉን አከታትዬ ሳያቸው ሰርጉ ለካ ያለው እዚያ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰርግ አይደለም፤ ትልቅ መታወቂያ ነው።

ወጣሁና ለብቻዬ ጀመርኩ። ሕጌ አጭር ናት፦ አልነካም፣ አልጠራም፣ ድገሙት አልልም። እዚያ ቤት ውስጥ ግድግዳ ነኝ። ሰው «ያለ ፖዝ» ብሎ ጠራው፤ ጋሽ ካሳ ደግሞ «የሰነፍ ፎቶ» አለው።

የመጀመሪያዋ ሙሽራዬ ሀሌሉያ ሆነች። እስከ አስረኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል፤ እሷ አለፈች፣ ነርስ ሆነች። አባቷ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከደብረ ማርቆስ ለግብርና ሥራ ተመድበው መጥተው፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ላይ ቤት ሠርተው፣ ጡረታ ወጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እናቷ እትዬ የሺመቤት ይባላሉ። ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ዘመዶቻቸውም ሁሉ እዚያው ጎጃም ናቸው። የምታገባው ሸዋንዳኝን ነው፤ የዶርዜ ልጅ፣ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ሲስቅ ድምፁ ሳይሆን ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ዝምተኛ። ጊዜው ጥር 2003 ነው።

ሰርጉ አሥር ቀን ሲቀረው እትዬ የሺመቤት አስጠሩኝ። ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ለሰርጉ የሚሆን ምስር ይለቅማሉ።

«ነይ ቁጭ በይ። ያለ ፖዝ ማለት ምን ማለት ነው? ሳናይሽ ልታነሺን ነው?»

«እያያችሁኝ ነው። ብቻ አትቆሙልኝም።»

«አፌ ጉርሻ ይዞ እያለስ?»

«እስኪውጡ እጠብቃለሁ።»

«እግሬንስ? የስመኝ ልጅ ሰርግ ላይ ከወገቤ በላይ ብቻ አወጡኝ። አዲስ ጫማ አድርጌ! ማን አየልኝ?»

«እግርዎን ለብቻው አነሳልዎታለሁ።»

«ምላሷን እይልኝ!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። ሀሌሉያ ሳቀች። እኔን የመረጠችኝ እሷ ናት፤ እናትየው የፈለጉት ጋሽ ካሳን ነበር። ሲከራከሩ ከርመው ቪዲዮውን እሱ፣ ፎቶውን እኔ እንድናነሳ ተስማሙ።

ሀሌሉያ ውኃ ልታመጣልኝ ስትነሳ እትዬ የሺመቤት ሰፌዱን መሬት አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚ ልክነሽ። እኔ ዶርዜ አልሄድም። የሙሽራ እናት ልጇን ሸኝታ ቤቷ ትቀራለች፤ ደንቡ ነው። ያን አገር በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ነው የወጣሁት፣ እሱም ጋቢ ልገዛ። የልጁን እናት ያየኋት አንድ ቀን ነው። እሷ አማርኛ አልደፈረች፣ እኔ ጋሞኛ አልችል፣ ተያየን፣ ተያየን፣ ተለያየን።»

«ሀሌሉያ ሁሉንም ትነግርዎታለች።»

«ሀሌሉያ? ወባ እያንቀጠቀጣት ‹ደህና ነኝ› የምትል ልጅ! ከአፏ ምንም አላገኝም። ፊቷን ነው ማየት የምፈልገው።» ወደ ጓዳው አየት አደረጉ። «ሴትየዋ ቅቤ አናቷ ላይ ታደርግላታለች አሉኝ። ሙሽራ የሚቀበሉት በዚያ ነው አሉ። እዚያች ላይ ነው ሁሉ ነገር የሚታወቀው። ደስ ብሏት ነው የምትቀበላት ወይስ ከንፈሯን ነክሳ? እሷን አንሺልኝ። በሳምንቱ ለመልስ ሲመጡ እናትየዋም ትመጣለች። ምን ዓይነት ፊት ይዤ በሬ ላይ እንደምቆም ልወቅ።»

«እሺ እትዬ።»

«ሌላውን ብታበላሺው ግድ የለኝም። ያቺን አንድ ብቻ።»

«አላበላሽም» አልኩ፤ ትንሽም ተቀየምኩ። ሌላውንስ ማን ያበላሸዋል?

የሰርጉ ዕለት ሴቻ ባለው ቤት ሁሉ ነገር ተሳካልኝ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ የምርቃታቸውን ቃል ወረቀት ላይ ጽፈው ባርኔጣቸው ውስጥ ደብቀው ባርኔጣውን እያወለቁ ሲያጠኑ አነሳኋቸው። ሀሌሉያ የእናቷን ጉልበት ልትስም ስትጎነበስ ቬሎዋን የረገጠው የገዛ እናቷ ነበሩ፤ እያለቀሱ የነበሩት ሁለቱም ሳቃቸው መጣ፤ እሱንም አነሳሁ። ጋሽ ካሳ ከኋላዬ «አልተሳካም፣ ከመሳሙ እንጀምር!» ብሎ ሲጮህ እኔ ጨርሼ ወጥቼ ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ በኋላ መስታወት ዞር ብዬ አየሁ። እትዬ የሺመቤት በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸውን አያውለበልቡም፤ የሆነ ነገር ላይ ይቆጣሉ። እሱንም አነሳሁ።

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ብቻ። ሲቀላ ላይ በላብ ሰውነቷ ላይ የተጣበቀው ቬሎ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ቀዘቀዘ። ሐይቆቹ ከታች ቀሩ፤ ጉም ውስጥ ገባን።

«በረደሽ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ» አለች፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። ሸዋንዳኝ ኮቱን አወለቀና ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ከዚያ እሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የእናቱ ቤት ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም የዶርዜ ቤት ነው፤ በሩ ያለበት ፊቱ እንደ አፍንጫ ወጣ ያለ፣ ዙሪያውን እንሰት የተተከለበት። ከመኪና እንደወረድን ጋሽ ካሳ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከፊት ቆመ።

«ቆይ! ማንም እንዳይገባ! ሚዜዎች በቁመት ተደርደሩልኝ፣ ረጅም ወደኋላ! ሴቶቹ በመሃል! እንሰቱ እንዲገባልኝ ትንሽ ወደ ግራ!»

ሙሽሮቹንም ሊያቆማቸው ነበር፤ የሸዋንዳኝ አጎት ግን በዚህ አልተስማሙም። «ሙሽራ ደጅ አይቆምም» ብለው ሁለቱን እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው። ጋሽ ካሳ ወንዶቹንም ሴቶቹንም ሚዜዎች እንሰት ሥር አስቀርቶ ትከሻ ማስተካከሉን ቀጠለ። እኔ ከሙሽሮቹ ኋላ ሾልኬ ገባሁ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ዓይኔ እስኪለምድ ከበሩ የሚገባውን ብርሃን ብቻ ነበር የማየው፤ ልክ እንደ ነጠላ መሬት ላይ ተነጥፏል። ቀስ እያለ ሰዉ ወጣልኝ፦ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ጋቢ የደረቡ ሴቶች፣ ከጥግ ደግሞ የሸዋንዳኝ እናት እማማ ሻሺቱ። ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ ጣቶቻቸው ከፊታቸው ይረዝማሉ። ከእንሰት ቅጠል ላይ ቅቤ አንስተው በሁለት መዳፋቸው ይዘው ይተነፍሱበታል። መጀመሪያ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ገባኝ፤ ቅቤው ልጅቷን እንዳይቀዘቅዛት እያሞቁ ነው። ያሉበት ጥግ ለካሜራዬ በጣም ጨለመበት፤ ወደ ብርሃኑ እስኪመጡ ጠበቅኳቸው። መጠበቅ እችላለሁ።

ሀሌሉያን በሩ ፊት ለፊት ዝቅ ያለች የእንጨት መቀመጫ፣ ዱካ ላይ አስቀመጧት። ብርሃኑ ግራ ጉንጯ ላይ መጥቶ ዐረፈ፤ አንድ አነሳኋት። እማማ ሻሺቱ ተነስተው መጡ። እኔ ተንበርክኬያለሁ፤ ሁሉንም አስተካክያለሁ፤ ሁለቱም ፊት እኩል ገብቶልኛል። ፎቶዋ ተሠርታ አልቃለች፤ የቀረው የጣቴ ብቻ ነው።

እማማ ሻሺቱ ግን ቆሙ። ዙሪያቸውን አዩና በጋሞኛ ጠየቁ። ጋሞኛ እሰማለሁ፣ እናቴ የጨንቻ ሰው ናት፤ ስናገር ነው የሚሳቅብኝ።

«ራሷን የሚይዝላት ከወገኗ ሴት የታለች?»

አንድ ሽማግሌ ለሸዋንዳኝ አስረዱት፤ እሱ ትምህርት ላይ ከርሞ ደንቡን ረስቶታል። በዚያ ቤት ደንብ ሙሽራ ብቻዋን አትቀባም። ከእሷ ወገን የሆነች ሴት ከኋላ ቆማ ግንባሯንና ማጅራቷን ትደግፍላታለች፤ ሰው የሌላት መስላ እንዳትገባ።

«ሚዜዎቿ ደጅ ናቸው፣ ልጥራቸው» ብሎ ሸዋንዳኝ ወደ በሩ ሄደ። ከውጭ «ፈገግታውን እንዳትለቁት! ማንም አይንቀሳቀስ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሸዋንዳኝ አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ። ጋሽ ካሳ ሲሠራ መብረቅ ቢወርድ አይሰማም።

የሞቀው ቅቤ በእማማ ሻሺቱ ጣቶች መሃል እየተንጠባጠበ ወደ ክንዳቸው ወረደ። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ?» አሉኝ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛቸው። «ከእሷ ጋር አልመጣህም?»

«እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ» አልኳቸው፣ በጋሞኛ።

«ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሴት አይደለም?»

ሴቶቹ ሳቁ። በመልሳቸው ይሁን በጋሞኛዬ አላውቅም። ካሜራው ዓይኔ ላይ እንዳለ ነው። በውስጡ ሀሌሉያን አያታለሁ። ሴቶቹ በምን እንደሚስቁ አልገባትም፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ እጇ ቬሎዋን ጨብጧል። ቋንቋ አታውቅ፣ እናቷ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ታች።

«ልኬ» አለች። አልዞረችም። ደህና ነኝም አላለች። ስሜን ብቻ ጠራች።

እትዬ የሺመቤት «ያቺን አንድ ብቻ» ያሉት ጆሮዬ ውስጥ ነበር። የካሜራውን ቁልፍ ብጫነው ይመጣል። አንድ ጊዜ ብጫነው ብቻ። እማማ ሻሺቱ ቅቤያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ሰው ያልያዛትን ልጅ አይቀቡም፤ እኔ ካልያዝኳት ደግሞ የሚይዛት ሰው የለም። ስለዚህ የማነሳውም ነገር የለም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት «ስሙ ሲጠራ የሚሰማ ግድግዳ አለ?» የሚል ዓይነት ነገር መሆን አለበት፤ ካሜራውን በማንገቻው ወደ ጀርባዬ ወርውሬ ተነሳሁ።

ከኋላዋ ቆምኩ። ራሷ ላይ ያለውን ነጭ ሻሽ ከፍ አድርጌ ክንዴ ላይ ጠቀለልኩት፤ አንድ እጄን ግንባሯ ላይ፣ አንዱን ማጅራቷ ላይ አደረግሁ። ማጅራቷ እንደ እንጨት ነው።

ቅቤው መጣ። እማማ ሻሺቱ ከግንባሯ ጀምረው ወደ ኋላ፣ ሲቀላ ያለች ጸጉር ሠሪ ግማሽ ቀን የለፋችበትን ጸጉር በአንድ መዳፍ አፈረሱት። ጣታቸው በጣቴ ላይ አለፈ። ይናገራሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለእሷ ብቻ፤ «በዚህ በር ስምሽ ሲጠራ አቤት በይ። ብርዱ አይወቅሽ። እኔ ስሞት አንቺ ሙቂበት።» ሀሌሉያ አንድም ቃል አልገባትም። ግን ማጅራቷ እጄ ላይ ላላ፤ ከዚያ ከበደ፤ ሙሉ ጭንቅላቷን ለቀቀችልኝ፤ እንደ ተኛ ሕፃን።

እልልታው ሲቀልጥ ነው የነቃሁት። ካሜራዬን ሳነሳ እጄ ቅቤ በቅቤ ነው። የመጀመሪያዋ ፎቶ ጉም ሆና ወጣች። ሌንሱን በቀሚሴ ጠርጌ ቀጠልኩ፦ እማማ ሻሺቱ በነጠላቸው ጫፍ የሀሌሉያን ቅንድብ ሲያብሱ፣ ሸዋንዳኝ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ።

ያኔ ጋሽ ካሳ መብራቱን ተሸክሞ፣ ሚዜዎቹን አስከትሎ ገባ።

«አለቀ? እንዴት ያልቃል? እኔ ሳልገባ!» አለና ወደ እማማ ሻሺቱ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ። ትንሽ ቅቤ፣ ለምልክት ያህል።»

ሸዋንዳኝ አስተረጎመላቸው። እማማ ሻሺቱ ሲመልሱ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ምን አሉ?» አለኝ ጋሽ ካሳ።

«‹ልጄ ስንት ሚስት ሊያገባ ነው?› አሉ። በዚህ ቤት ቅቤ ሁለተኛ የሚወጣው ሁለተኛ ሚስት ስትመጣ ነው።»

ራሱም ሳቀ። መብራቱን አወረደና ጆሮዬ ሥር መጣ።

«ግድ የለም፣ አንቺ አንስተሻታል።»

እጄን አየ።

«አላነሳሽም?» አለ። «ወይኔ ልኬ! ያለ ፖዝ፣ ያለ ፖዝ ስትዪ ያለ ፎቶ ቀረሽ!»

ሚዜዎቹን እንሰት ሥር የገተረው ማን ነው ማለት እችል ነበር። ግን እውነት ለመናገር ሚዜዎቹ ቢኖሩም ሀሌሉያ የጠራችው እኔን ነው።

ፎቶ የማትምበት ማሽን ያለው እሱ ጋ ነው፤ ሰኞ ፎቶዎቹን ትቼለት ስለነበር ረቡዕ ልወስዳቸው ሲቀላ ወረድኩ። ስድብ ጠብቄ ገባሁ። ጋሽ ካሳ ግን ኮምፒውተሩ ጎን ወንበር አቀረበልኝ።

«ነይ እይ» አለ።

ሀሌሉያ ዱካው ላይ ተቀምጣለች፣ ብርሃኑ ግራ ጉንጯ ላይ። ከቅቤው በፊት ያነሳኋት የእኔ ፎቶ ናት። ከላይ ሁለት የሴት እጅ ቅቤ እያፈሰሰባት ነው። እጁ የእማማ ሻሺቱ አይደለም።

«የማን እጅ ነው?»

«ጨንቻ ያነሳኋት ሰርግ ላይ የነበረች ሴት። እጅ እጅ ነው፤ ማን ያውቀዋል?» ጢሙን አሻሸ። «ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያ ሥራሽ ላይ ሰው አፉን እንዲከፍትብሽ አልፈልግም። ከእኔ ቤት የወጣሽ ልጅ ነሽ።»

የሚያናድደው ነገር ፎቶው ያምራል። ጥላው ሳይቀር ልክ ነው። እኔን ለማበሸቅ አልሠራውም፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ምሳውን ጠረጴዛው ላይ ሳይነካው አድርቆታል። «አልፈልግም» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብዬ ዘጋሁት። ለብቻው ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። እንደማላሳያቸው እያወቅኩ ነው የያዝኩት ብል ውሸቴን ነው። አላወቅኩም።

ሐሙስ ጠዋት ሴቻ ሄድኩ። እትዬ የሺመቤት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ መነጽራቸውን አድርገው ጠበቁኝ። ሳሎኑ ውስጥ ካለው ባለ መደገፊያ የእንጨት ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል «እዚያ አይደለም፣ የሰይፌ ነው» አሉ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ መኝታ ቤት ሬዲዮ እየሰሙ ነው።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሰጠኋቸው። በባርኔጣው ሳቁ። በሩ ላይ ቆመው ሲቆጡ የሚታዩበትን ሲያዩ «ማንን ነው የምቆጣው?» አሉ።

«የጎረቤቱን ውሻ።»

«እግሬ ግን ወጥቷል» አሉ፤ ደስ አላቸው። የሸዋንዳኝን ኮት ሀሌሉያ ትከሻ ላይ ሲያዩ ፎቶውን ከሌሎቹ ለይተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ቤቱን አዩ። ዱካውን፣ ብርሃኑን። ቀጥሎ ያለው ጸጉሯ በቅቤ የሚያበራው፣ ዓይኗን የጨፈነችው ነው፤ እማማ ሻሺቱ ቅንድቧን እያበሱላት። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ ተመላለሱ።

«መሃሉስ?»

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ፖስታውን ይዤዋለሁ። እትዬ የሺመቤት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይጠብቁኛል። አራት ቀን ሙሉ ሲጠብቁ የከረሙ ሰው ፊት እንዴት እንደሆነ ያኔ ነው ያየሁት።

«የለም» አልኩ።

«ምን ማለት ነው የለም?»

«አላነሳሁትም።»

ፎቶዎቹ ጉልበታቸው ላይ ወረዱ። «ያቺን አንድ አላልኩሽም? ሌላውን አበላሺው፣ ያቺን አንድ! ካሳ ያልኩት ለዚህ ነበር! የት ሄደሽ ነው?»

«የትም አልሄድኩም፤ እዚያው ነበርኩ። ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነበር።»

«በምን?»

«በሀሌሉያ።»

ነገርኳቸው። እማማ ሻሺቱ እንዴት ቆመው ዙሪያቸውን እንዳዩ፣ ምን እንደጠየቁ፣ ቅቤው እንዴት እንደተንጠባጠበ።

«‹ከወገኗ ሴት የታለች?› አለች?» አሉ።

«አዎ።»

«ቅቤ እጇ ላይ እያለ?»

«እጃቸው ላይ እየቀለጠ።»

«ለጋ ነው ወይስ የከረመ?»

«ለጋ። ወተት ወተት ይሸታል። ከመቅባታቸው በፊት ጥግ ቆመው በትንፋሻቸው ሲያሞቁት ነበር።»

«በትንፋሿ? ለምን?»

«እንዳይቀዘቅዛት።»

እትዬ የሺመቤት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ተነስተው በርጩማ ሳቡ፣ ሳሎኑ መሃል ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡና ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ።

«አሳዪኝ» አሉ።

አንድ እጄን ግንባራቸው ላይ፣ አንዱን ማጅራታቸው ላይ አደረግሁ። ሽበታቸው ለስላሳ ነው።

«እንዲህ?»

«እንዲህ።»

«ቅቤውን ከየት ነው የጀመረችው?»

«ከዚህ። ወደ ኋላ።»

«ሀሌሉያ ምን አለች?»

«ምንም።»

«ደህና ነኝ አላለችም?»

«አላለችም። ጭንቅላቷን ለቀቀችልኝ።»

እትዬ የሺመቤት ረጅም ትንፋሽ አወጡ። የእሳቸውም ጭንቅላት እጄ ላይ ሲከብድ ተሰማኝ። በመጨረሻ ነጠላቸውን መልሰው «እጅሽ ግን ይከብዳል» አሉ። «ልጄን እንዲህ ነው የጫንሻት?»

ያኔ ነው ፖስታውን አውጥቼ የሰጠኋቸው። «ይህ ውሸት ነው፤ ጋሽ ካሳ ነው የሠራልኝ። ላሳይዎት ይዤ መጥቼ ነበር።»

ራቅ አድርገው አዩት። ቀረብ አድርገው አዩት። ሳቃቸው ሲመጣ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«ይህች ሴት አምስት የወርቅ አምባር አድርጋለች! የሸዋንዳኝ እናት መሆኗ ነው? ይህችማ ባለ ሆቴል ናት!» እንባቸውን ጠረጉ። «መልሺለት። ግን አመስግናሃለች በይው፤ ደክሞበታል።»

ከዚያ ቆም ብለው ሳሎኑን ዙሪያውን አዩት፤ እንግዳ የሚመጣበት ሰው እንደሚያየው።

«ሰይፌ!»

«አቤት» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከመኝታ ቤት።

«እሁድ ወንበርህ ላይ የምትቀመጠው የሸዋንዳኝ እናት ናት።»

የሬዲዮው ድምፅ ዝቅ አለ። «እኔስ?»

«አንተ በር ላይ ቆመህ እንግዳ ትቀበላለህ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ትመጫለሽ፤ የምትሠሪው ሥራ ስላለ አይደለም፣ ዝም ብለሽ ነይ። ስሚ፣ በጋሞኛ ‹ሰላም› እንዴት ነው የሚባለው?»

«ሳሮ።»

«ሳሮ» አሉ። አልጣማቸውም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ባዶው ወንበር ፊት ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጎንበስ አሉ። «ሳሮ!»

«ሳሮ!» ብለው መለሱ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከውስጥ።

«አንተን አይደለም!» አሉ እትዬ የሺመቤት።